የጌታ እራት በጎንደር፦ ስለ አንድ ትንሽ የባፕቲስት ጉባኤ

ጎንደር ውስጥ «እሑድ የት ሄጄ ላምልክ?» ለሚል የወንጌል አማኝ አንድ ጉባኤ ልጠቁም። ባፕቲስቶች ናቸው፤ ሰው አምኖ ራሱ ሲጠይቅ ብቻ የሚያጠምቁ የወንጌል አማኞች። ብዙ አይደሉም። የሚሰበሰቡት በኪራይ አዳራሽ ውስጥ ነው፤ ከፒያሳ በባጃጅ ብዙም አይርቅም። ስማቸውንና ሰፈራቸውን እዚህ አልጽፍም። ሳላስፈቅዳቸው ማውጣት ልክ አይመስለኝም። ከተማው ውስጥ ያሉ አማኞችን ብትጠይቁ ግን የሚያሳያችሁ አታጡም።

እኔ ነርስ ነኝ። ተወልጄ ያደግኩት ነቀምት ነው፣ መካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ። ሕፃን ሳለሁ ተጠምቄያለሁ። ከፍ ስል ደግሞ ተምሬ በጉባኤ ፊት እምነቴን መስክሬያለሁ። ጎንደር ያመጣኝ ሥራ ነው። ይህን የምናገረው ስለ ቁርባኑ የማነሳው ጉዳይ ከዚህ ጋር ስለሚያያዝ ነው። የባፕቲስቶቹ አባል አይደለሁም። በእንግድነት ነው የምሄደው።

መጀመሪያ ያወቅኋቸው በምሠራበት ክፍል ነው። አንዲት አባላቸው ታማ ተኝታ ነበር። በመጠየቂያ ሰዓት፣ ሁለት ሁለት እየሆኑ ገቡ። ይህ ለነርስ ትልቅ ነገር ነው። ጠያቂ በአንዴ ተጋፍቶ ሲገባ ታካሚውም እኛም መተንፈሻ እናጣለን። እነሱ አጥሚት በፔርሙስ ይዘው ነበር። ከመጸለያቸው በፊት አጠገቧ የተኙትን አንዲት እናት «ልንጸልይ ነበር፤ እንረብሽዎት ይሆን?» ብለው ጠየቁ። እናትየው ማተብ ያሰሩ ናቸው። «ጸልዩ እንጂ፣ ምን ክፋት አለው» አሉ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጸለዩ። ከአጥሚቱም ለእናትየው ቀዱላቸው። እሑድ የት እንደሚሰበሰቡ የጠየቅኳቸው ያኔ ነው።

የጎንደር እሑድ የሚጀምረው ገና ሳይነጋ ነው። ከአዳር ተረኝነት ስወጣ ቅዳሴው ከየአቅጣጫው ይሰማል። 44ቱ ታቦት የሚባሉባት ከተማ ናት፤ ነጠላ ያጣፋ ሰው መንገዱን ሞልቶት ታገኛላችሁ። የባፕቲስቶቹ ፕሮግራም የሚጀምረው 3 ሰዓት ላይ ነው። ድምፅ ማጉያቸውን ወደ ውጭ አያዞሩም። ግቢው ውስጥ ሌሎች ተከራዮች አሉ፤ ፕሮግራሙ ሲያልቅ «ሰላም ዋላችሁ?» እየተባባሉ ነው የሚተላለፉት። ይህን ሳይ ደስ ይለኛል።

በር ላይ ኮት የለበሱ አንድ አባት ይቆማሉ። የሥራ ርክክብ አልቆልኝ እስክመጣ ብዙ ጊዜ አረፍዳለሁ። «እንደምን አደርሽ ልጄ፣ አዳር ነበርሽ መሰለኝ» ይሉኛል። ከዚያ ከኋላ ካሉት ወንበሮች አንዱን ያሳዩኛል። ያረፈደ ሰው ሁሉ እያየው ፊት ድረስ የሚወሰድባቸው ቦታዎች አሉ። እዚህ ያ የለም።

እንግዳንም አያስቆሙም። በብዙ ጉባኤ «አዲስ የመጣችሁ ቁሙና እንያችሁ» ይባላል። ይጨበጨባል፣ ይዘመራል። አሳቡ ከፍቅር ነው፤ እኔም በዚያ ልማድ ነው ያደግኩት። ግን ጎንደር ውስጥ ቤተሰቡ ሳያውቅ የመጣ ሰው ሊኖር ይችላል። ዝም ብሎ ማየት የፈለገም ይኖራል። እዚህ መሪዋ «እንግዶቻችን እንኳን ደህና መጣችሁ፤ ተቀመጡ፤ ስንጨርስ ቡና አለ» ብላ ታልፋለች። ከዚህ የተሻለ አቀባበል አላየሁም።

መዝሙሩ ጥሩ ነው፤ ኪቦርዱ ግን ይጮኻል። ክራር የሚመታ ልጅ አላቸው፣ እጁ የተባረከ ነው፤ ኪቦርዱ እየሸፈነው አይሰማም። መብራት ሲጠፋ ነው ጉባኤው በራሱ ድምፅ የሚዘምረው። ከበሮውና ክራሩ ብቻ ይቀራሉ። ያኔ እናቶች ከኋላ ሲያወጡ ልብ ይነካል። ማስታወቂያው ደግሞ ይረዝማል። ግማሹ ተለጥፎ ቢነበብ ጊዜ ይተርፋል።

ስብከቱን ላንሳ፣ ምክንያቱም ከቁርባኑ አይለይም። መጋቢው የሚያስተምሩት አንድ የመጽሐፍ ክፍል በተከታታይ ይዘው ነው። የቁርባን እሑድ ግን ወደ 1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 11 ይመለሳሉ። ብዙ ሰባኪ ከዚያ ምዕራፍ የሚያነበው «ሰው ግን ራሱን ይፈትን» የሚለውን ነው። ከዚያ ኃጢአት ይዘረዘራል፣ ሕዝቡ አንገቱን ይደፋል። እሳቸው የጀመሩት ከፍ ብሎ ካለው ነው። ጳውሎስ የቆሮንቶስን ሰዎች የወቀሳቸው ለምንድን ነው? ያለው ቀድሞ ይበላል። የሌለው ዘግይቶ ይመጣል፣ ተርቦ ይቀመጣል። አንዱ ሲራብ ሌላው ይሰክራል። ማዕዱ የተበላሸው በዚህ ነው።

ከዚያ መጽሐፉን ዘጉና «ዛሬ ጠዋት ቁርስ የሠራችላችሁ ልጅ የት ናት?» አሉ። አዳራሹ ጸጥ አለ። ስለ ቤት ሠራተኞች ነው የሚያወሩት። እሑድ እረፍት አላት ወይ? የምትበላው ከእናንተ ጋር ነው ወይስ ጓዳ፣ የተረፈውን? ደሞዟ በሰዓቱ ይከፈላታል ወይ? የየትኛውም እምነት ልጅ ብትሆን ዕለተ እሑዷን ነፃ አድርጉላት፤ ወደ ቤተ ክርስቲያኗ ትሂድ። «እርስ በርሳችሁ ተጠባበቁ» የሚለው ቁጥር 33 ትርጉሙ ይኸው ነው አሉ። እኔ ብዙ የቁርባን ስብከት ሰምቻለሁ። ጓዳ ድረስ የገባ ግን ይህ ነው። ከአጠገቤ የነበረች ሴት ስልኳን አውጥታ መልእክት ጻፈች። ለማን እንደሆነ አላየሁም።

ቁርባኑ በየወሩ መጀመሪያ እሑድ ነው። ፊት ለፊት ነጭ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ አለ። ቂጣው የስንዴ ነው፣ እርሾ የለውም፤ እናቶች በተራ ይጋግሩታል። ጽዋው ዘቢብ ነው። ዘፍዝፈው ያድሩና ቀቅለው ያጠሉታል፤ አልኮል የለውም። የሚያቀርቡት ሰዎች መጀመሪያ ሁሉም እያያቸው በጆግና በማስታጠቢያ እጃቸውን በሳሙና ይታጠባሉ። አጥበውም ቶሎ አይጨርሱም፣ በደንብ ያሹታል። ጽዋው በየግል ትንንሽ ብርጭቆ ነው። ነርስ ነኝና ይህን ሳላደንቅ አላልፍም።

ከማደሉ በፊት መጋቢው ግብዣውን ያስረዳሉ። በጣም በግልጽ ነው የሚናገሩት። ማዕዱ የጌታ እንጂ የዚህ ጉባኤ አይደለም። ጌታን አምነሽ የምትከተዪው ከሆነ፣ በራስሽ ቤተ ክርስቲያንም ቁርባን የምትቀበዪ ከሆነ፣ እንግዳ ብትሆኚም ተቀበዪ። ገና እያሰብሽበት ከሆነ ወይም የቤተ ክርስቲያንሽ ሥርዓት የማይፈቅድልሽ ከሆነ ትሪው ሲመጣ ለሚቀጥለው ሰው አሳልፊው። ማንም አይጠይቅሽም፣ ማንም አያይሽም። ከሰው ጋር የተጣላችሁ ካላችሁ ደግሞ አሁን ተነሥታችሁ መታረቅ ትችላላችሁ፤ እንጠብቃለን ይላሉ። እውነትም ይጠብቃሉ። አንድ ጊዜ ሁለት ወንድማማቾች ወደ ውጭ ሲወጡ አይቻለሁ። ጉባኤው አንድ መዝሙር ደግሞ ደጋግሞ እየዘመረ ቆየ። ሲመለሱ ነው ቂጣው የተቆረሰው።

ትሪው በየረድፉ ያልፋል። ወስዳችሁ በእጃችሁ ይዛችሁ ትቆያላችሁ። ሁሉም ከደረሰው በኋላ አብሮ ይበላል፤ ጽዋውም እንዲሁ። ከኋላ፣ ከአዳር የመጣሁትም፣ ፊት የተቀመጡት ሽማግሌዎችም እኩል። ከስብከቱ በኋላ ይህ መጠባበቅ ሌላ ክብደት አለው።

አሁን አቀባበላቸው የተፈተነበትን ቀን ልንገራችሁ።

የሥራ ባልደረባዬ የዚህ ጉባኤ አባል ነው። ሚስቱ ሴት ልጅ ወለደች። እናቱ ከቆላ ድባ መጡ። ኦርቶዶክስ ናቸው፣ በእምነታቸው የጸኑ። የልጅ ልጃቸው በ80 ቀኗ ክርስትና አለመነሳቷ ከብዷቸዋል። ባፕቲስቶች ሕፃን አያጠምቁም። ሰው አድጎ፣ አምኖ፣ በራሱ አፍ ሲጠይቅ ነው ውኃ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ጠልቆ የሚጠመቀው። ለሕፃኑ የሚደረገው ጸሎትና ምርቃት ነው። ባልደረባዬ እናቱን እንዴት እንደሚያስቀምጣቸው ተጨንቆ ነበርና «ከአንቺ አጠገብ ይሁኑልኝ» አለኝ።

ነጠላቸውን እንደ ቤተ ክርስቲያን ልብስ አጣፍተው መጡ። በር ላይ ያሉት አባት ከወገባቸው ጎንበስ ብለው ተቀበሏቸው። መጋቢው ሕፃኗን ይዘው ጸለዩ። «ይህ ጥምቀት አይደለም፤ ልጅቷ ስታድግ ራሷ ትመልሳለች» ብለው ለወላጆቹም ለእንግዶቹም አስረዱ። ከዚያ ከመድረኩ ወረዱ። እኛ ጋ መጡ። «እመይቴ፣ አያት ሳይመርቅ አይሆንም፤ እርስዎ ይመርቁልን» አሉ። እመይቴ ያልጠበቁት ነገር ነበር። እጃቸውን ዘረጉ። «እደጊ፣ ተመንደጊ! ለወግ ለማዕረግ ያብቃሽ! እግዚአብሔር ከክፉ ይሰውርሽ!» በእያንዳንዱ ላይ አዳራሹ በሙሉ «አሜን!» አለ። የባልደረባዬ ሚስት ታለቅስ ነበር።

ያ እሑድ የቁርባን እሑድም ነበር። ግብዣው ሲነገር እመይቴ በጸጥታ አዳመጡ። ትሪውን የያዘው ወጣት እኛ ጋ ሲደርስ እሳቸው ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ። ልጁ ገባው። አልቆመም፣ ትሪውንም አላቀረበም። አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሰላምታ ሰጣቸውና ወደ እኔ ዘረጋው። ሁለት ሰከንድ አልፈጀም። ይህን ልጅ ማን እንዳስተማረው ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር። ማዕዱን ለሚቀበል ሰው ፈገግ ማለት ቀላል ነው። የማይቀበለውን ሳያሳፍሩ ማለፍ ግን ታስቦበት፣ ተለማምደውት የሚመጣ ነው።

በኋላ እመይቴ ጠየቁኝ። «አንቺስ ልጄ፣ ሳትበዪ ነው የቀረብሽው?» ሌሊት ተረኛ ስለነበርኩ ሻይ በዳቦ ቀምሼ ነበር፤ ነገርኳቸው። እነሱ ዘንድ በጾም ካልሆነ አይቀረብም፤ ገረማቸው። «እዚህ የሚያስተምሩት ልብን መመርመር ነው፣ እመይቴ» አልኳቸው። «እሱስ የትም ያው ነው» አሉኝ። ከዚያ ቡና ጠጣን። ወቅቱ ጾም ነበር። ቆሎና ቅቤ ያልነካው ዳቦ ነው የቀረበው። በጾም ወራት ሁልጊዜ እንዲህ እንደሚያደርጉ በኋላ ሰማሁ፤ ከየቤተሰቡ ኦርቶዶክስ የሆነ ዘመድ ይመጣልና።

የራሴ ጥያቄም ነበረኝ። እኔ የተጠመቅኩት ሕፃን ሳለሁ ነው። ባፕቲስቶች ደግሞ ያንን እንደ ጥምቀት አይቆጥሩትም። ታዲያ ከማዕዱ ለምን አልከለከሉኝም? አንድ ሽማግሌ ቡና እየጠጣን አስረዱኝ። ይህ በባፕቲስቶች መካከል የቆየ ክርክር ነው። ካመኑ በኋላ ላልተጠመቀ ሰው ማዕዱን የሚዘጉ ጉባኤዎች አሉ። የሚከፍቱም አሉ። እንግሊዛዊው ሰባኪ ጆን በንያን እ.ኤ.አ. በ1670ዎቹ የውኃ ጥምቀት ልዩነት አማኞችን ከአንድ ማዕድ ሊለይ አይገባም ብሎ ተከራክሯል። ሌሎች ባፕቲስቶች ደግሞ አጥብቀው ተቃውመውታል። «እኛ የበንያንን መንገድ ነው የመረጥነው» አሉኝ። የመረጡትም አባላቱ ተሰብስበው፣ ተነጋግረው፣ እጅ አውጥተው ነው። ባፕቲስቶች እንዲህ ናቸው፤ ከላይ የሚያዝ ጳጳስ የለም፣ ጉባኤው ራሱ ይወስናል። የአዳራሹ ኪራይ ሲጨምርም እንዲሁ ሲመክሩ ሰምቻለሁ። ገቢና ወጪው በቁጥር ይነበባል።

አባልነት ግን ሌላ ነው። «አባል ልሁን ብትዪ እንድትጠመቂ እንጠይቅሻለን። ይህን ሳንነግርሽ ብንቀር ልክ አይደለም» አሉኝ። ከበደኝ። እናቴና አባቴ አቅፈው ያስጠመቁኝን ቀን እንደሌለ መቁጠር አልችልም። ይህንንም ነገርኳቸው። አልተከራከሩኝም። «እግዚአብሔር ይምራሽ፤ እስከዚያው ማዕዱ ክፍት ነው» አሉ። ማዕዱ ክፍት ሆኖ የአባልነት በሩ መዘጋቱ ለእኔ እስካሁን አይገጥምም። ግን በግልጽ ነግረውኛል፣ አልገፉኝምም። ለዚህ አከብራቸዋለሁ።

አለመግፋታቸው ከታሪካቸው የመጣ ይመስለኛል። ባፕቲስቶች የተነሱት እ.ኤ.አ. በ1609 አምስተርዳም ውስጥ፣ ከእንግሊዝ በተሰደዱ አማኞች መካከል ነው። ከእነሱ አንዱ ቶማስ ሄልዊስ ወደ ለንደን ተመልሶ ጉባኤ መሠረተ። ንጉሥ በሰው ነፍስ ላይ ሥልጣን የለውም ብሎ በመጻፉ ታስሮ እዚያው ሞተ። በዚያው ዘመን እዚህ አገር ዐፄ ሱስንዮስ ሕዝቡን በግድ ካቶሊክ ሊያደርጉ ሞክረው ብዙ ደም ፈሰሰ። እ.ኤ.አ. በ1632 ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ጎንደርን ዋና ከተማ ያደረጉት እኚሁ ፋሲለደስ ናቸው። እምነት በጉልበት እንደማይሆን ይህች ከተማ በደንብ ታውቃለች። እንዲህ ያለ ከተማ ውስጥ ማንንም የማያስገድድ ጉባኤ ሳይ ልቤ ያርፋል።

አንድ የሚጎድለኝ ነገር አለ። እኛ ቤት ቁርባኑ ሲሰጥ ክርስቶስ በእውነት አለ ብለን ነው የምንቀበለው፤ አገልጋዩም ለእያንዳንዳችን «ስለ አንቺ የተሰጠ» ይለናል። እዚህ ትምህርቱ መታሰቢያ ነው የሚል ነው። ቃሉ ለሁሉም በአንድነት ይነገራል። መጠባበቁ ያምራል፤ ያ ለእኔ ብቻ የሚባለው ቃል ግን ይናፍቀኛል። ልዩነቱ የትምህርት ስለሆነ እንዲቀይሩት አልጠይቅም። ከእኛ ዘንድ የምትሄዱ ግን አውቃችሁ ሂዱ።

ሊስተካከሉ የሚችሉት ሌሎች ናቸው። አንደኛ መስኮት። በክረምት ብርዱን ፈርተው ይዘጉታል። አዳራሹ ጠባብ ነው፣ ሰው ይሳሳላል። ቢያንስ በሁለቱም በኩል አንድ አንድ ቢከፈት አየር ይዘዋወራል፤ ጋቢ መደረብ ይቻላል። የሳንባ በሽታ በየቀኑ ስለማይ ነው አጥብቄ የምለው። ተናግሬያለሁ፣ አንዱ ተከፍቷል። ሌላው ደረጃው ነው። መግቢያው ላይ መደገፊያ የለም። በከዘራ የሚሄዱ አንድ አባት በሁለት ሰው ተደግፈው ነው የሚገቡት። ቁርባኑን ወንበራቸው ድረስ ያመጡላቸዋል፤ ይህ ጥሩ ነው። ግን በራሳቸው መግባት ቢችሉ ይመርጣሉ። የብረት መደገፊያ ማበየድ ከባድ ወጪ አይመስለኝም። የቆርቆሮው ጣሪያ ደግሞ በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ስብከቱን ይውጠዋል። ያን ጊዜ ወደ ፊት ተቀመጡ።

ልጆች በስብከቱ ሰዓት የራሳቸው ክፍል አላቸው። በቁርባን ጊዜ ግን ወደ ወላጆቻቸው ይመለሳሉ፤ አይወስዱም፣ ያያሉ። አንድ ልጅ «እኔስ?» ሲል እናቱ በጆሮው ስታስረዳው ሰምቻለሁ። የምታስተምሯቸው ልጆች ካሏችሁ ይህ ሰዓት እንዳያመልጣችሁ።

ፕሮግራሙ ከሁለት ሰዓት ተኩል በታች አያልቅም፤ ከቁርባን ጋር ወደ ሦስት ሰዓት ይጠጋል። አለባበስ የሚያስጨንቅ ነገር የለም። እኔ ዩኒፎርሜን በሹራብ ሸፍኜ ገብቼ ማንም ቀና ብሎ አላየኝም። መጽሐፍ ቅዱስ ካላችሁ ያዙ፤ የሌለው ከበሩ ላይ ይዋሳል። ቁርባን ያለበትን እሑድ ከፈለጋችሁ የወሩን መጀመሪያ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ቁጠሩ። ያን ቀን ወንበሩ ቶሎ ስለሚሞላ ከ3 ሰዓት በፊት ድረሱ።